ሮል የሚመልሰው ግማሹን ጥያቄ ነው

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የሽያጭና የስቶክ መቆጣጠሪያ ሲስተም እየሠራሁ ነው። ሲጀመር አድሚንና ካሸር ብቻ ነበሩ። የተጠቃሚዎች ቴብል ላይ ሮል (የሥራ ድርሻ) የምትል ኮለም ጨምሬ በኢፍ (if) እየለየሁ ሄድኩ። አሁን ስቶር ኪፐር፣ አካውንታንት፣ ኦዲተርና የቅርንጫፍ ማናጀር መጡ። ለየቅርንጫፉ ለብቻው የማናጀር ሮል ስፈጥር ሮሎቹ ከ30 አለፉ። ደንበኛዬ ደግሞ አንዷ ካሸር ብቻ ቅናሽ መስጠት እንድትችል ይፈልጋል። ሲስተሙ ሥራ ላይ ስለሆነ ማቆም አልችልም። እንዴት ላስተካክለው? ዝግጁ ላይብረሪ ይሻላል ወይስ ራሴ ልጻፈው?»

ወንድሜ፣ ኮድህን ባላየውም ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም። አንዱ ፋይል ላይ «አድሚን ከሆነ» ይላል። ሌላው ላይ «አድሚን ወይም ማናጀር ከሆነ» ይላል። የሆነ ቦታ ደግሞ «ካሸር ካልሆነ» የሚል አይጠፋም፤ እሱን ዛሬውኑ ፈልገህ አግኘው። አዲስ ሮል በጨመርክ ቁጥር፣ ያ ሮል ካሸር ስላልሆነ ብቻ በሩ ወለል ብሎ ይከፈትለታል። ለማየት ብቻ ያስገባኸው ኦዲተር ዋጋ መቀየር ይችል እንደሆነ በራሱ አካውንት ገብተህ ሞክረው።

የኢፍ መብዛት ለብቻው ብዙም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ኢፉ የሚጠይቀው ነገር ነው። ኮድህ «ይሄ ሰው ማነው?» እያለ ይጠይቃል። መጠየቅ የነበረበት ግን «ይሄ ሰው ይሄን ነገር በዚህ መዝገብ ላይ ማድረግ ይፈቀድለታል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ሁለት ክፍል አለው ማለት ነው፤ ምን ማድረግ፣ ከዚያ በየትኛው ላይ። ሮል የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚመልሰው። አንተ ሁለቱንም በሮል ልመልስ ስትል 30 ላይ ደረስክ።

ከመጀመሪያው ክፍል እንጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። ፈቃድን በሮል የመስጠት ሐሳብ በእንግሊዝኛ «ሮል ቤዝድ አክሰስ ኮንትሮል» (RBAC) ይባላል። በዚህ ስም ያቀረቡት የአሜሪካው ብሔራዊ የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረቦች ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን ናቸው፣ በ1992 እ.ኤ.አ.። በ1996 ራቪ ሳንዱና ጓደኞቹ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ሞዴል አደረጉት፤ በ2004 ደግሞ የአሜሪካ ስታንዳርድ ሆኖ ጸደቀ። ጽሑፉ ብዙ ነው። ለአንተ ሥራ ግን አምስት ቴብል ይበቃሃል፦ ተጠቃሚዎች፣ ሮሎች፣ ፈቃዶች፣ ሮልን ከፈቃድ የሚያገናኝ ቴብል፣ ተጠቃሚን ከሮል የሚያገናኝ ቴብል። ፈቃድ ለሮል ይሰጣል፣ ሮል ለሰው ይሰጣል፣ ኮዱ የሚያውቀው ፈቃዱን ብቻ ነው። «ማናጀር» የሚል ቃል ኮድህ ውስጥ ሰርች አድርገህ አሁንም ካገኘኸው ገና አልጨረስክም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የፈቃዶቹ ዝርዝር የኮዱ ንብረት ነው፤ ምክንያቱም የትኛውም ኮድ የማይጠይቀው ፈቃድ ዳታቤዝ ውስጥ ቢጻፍ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ፈቃዶቹን ኮድ ውስጥ ጽፈህ ዲፕሎይ ስታደርግ ወደ ቴብሉ ይግቡ። ሮሎቹ ግን የደንበኛህ ናቸው። የትኛው ሮል ምን ይያዝ የሚለውን በስክሪን ላይ ራሱ እየመረጠ ያስተካክል። «ስቶር ኪፐሩ ሪፖርት ይይ» ባለህ ቁጥር አዲስ ቨርዥን የምታወጣ ከሆነ፣ ቴብሎቹን መሥራትህ ከንቱ ድካም ነው።

የፈቃድ አሰያየም ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሰነፉ መንገድ ለየቴብሉ አራት አራት ፈቃድ መስጠት ነው፦ መጨመር፣ ማየት፣ መቀየር፣ መሰረዝ። ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ይሄን በራሱ ይፈጥርልሃል። ለመነሻ አይከፋም፤ ግን «ደረሰኝ መቀየር» ምን ማለት ነው? የደንበኛ ስም ፊደል ማስተካከልም መቀየር ነው፣ የተሸጠበትን ዋጋ ዝቅ ማድረግም መቀየር ነው። የመጀመሪያውን ለማንም ትሰጣለህ፣ ሁለተኛውን አትሰጥም። ስለዚህ ፈቃዱን በሥራው ስም ጥራው፦ ቅናሽ መስጠት፣ ደረሰኝ መሰረዝ፣ የዕለት ሂሳብ መዝጋት፣ የስቶክ ልዩነት ማጽደቅ። እስከየት ልከፋፍል ካልከኝ፣ መለኪያዬ አንድ ነው። ሁለት ሥራዎችን ሁለት የተለያዩ ሰዎች እንዲይዟቸው የሚፈልግ ሰው ይኖራል ወይ? ከኖረ ለያቸው። ካልኖረ አንድ ላይ ይቀመጡ፤ 200 ፈቃድ የተደረደረበትን ስክሪን ማንም አንብቦ አይጨርሰውም፣ ሁሉንም ቲክ አድርጎ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ካሸሯ። «ካሸር 2» ብለህ የካሸርን ፈቃዶች በሙሉ ኮፒ አድርገህ አንድ እንዳትጨምርበት። ነገ ለካሸር አዲስ ፈቃድ ስትሰጥ «ካሸር 2»ን ትረሳዋለህ። ፈቃዱን በቀጥታ ለሷ መስጠትም ያጓጓል፣ ግን ተው፤ ከዓመት በኋላ እሷ ሥራ ቀይራ ፈቃዱ እንዳለ ተቀምጦ፣ ለምን እንደተሰጠ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። አንድ ሰው ብዙ ሮል እንዲይዝ አድርገሃል አይደል? እንግዲያው «ቅናሽ ሰጪ» የሚባል አንድ ፈቃድ ብቻ ያለው ትንሽ ሮል ፍጠርና ካሸርነቷ ላይ ጨምርላት። የሰውየው ፈቃድ የሮሎቹ ሁሉ ድምር ነው፣ በቃ።

ድምር ብቻ ይሁን፣ መቀነስ አታስገባበት። «ካሸር ነው፣ ግን ይሄ ይከልከልበት» የሚል አሉታዊ ፈቃድ ሲጀመር ብልህነት ይመስላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ሰው ለምን እንደተከለከለ ለማወቅ ሮሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ መፈተሽ ይመጣል። ኩበርኔቲስ (አፕሊኬሽኖችን ብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም) ውስጥ ያለው የሮል አሠራር ክልከላ የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም መደመር ነው። የአማዞን ክላውድ ግን ግልጽ ክልከላ አለው፤ ክልከላው ደግሞ ማንኛውንም ፈቃድ ይሽራል። ለእነሱ ስፋት ክልከላው ያስፈልጋቸዋል። አንተ ጋ የሚያመጣው ራስ ምታት ነው።

በነገራችን ላይ ደንበኛህ ነገ «እስከ 10 በመቶ ብቻ ቅናሽ ትስጥ» ማለቱ አይቀርም። ለዚያ «ቅናሽ 10» እና «ቅናሽ 20» የሚባሉ ሮሎች እንዳትፈጥር። ፈቃዱ መስጠት ትችላለች ወይስ አትችልም የሚለውን ይመልስ፤ ጣሪያው የቢዝነስ ሕግ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ይቀመጥ።

ዋናው ጉዳይ ቅርንጫፎቹ ናቸው። «የቅርንጫፍ 7 ማናጀር» የሚለው ሮል ውስጥ ሁለት ነገር ታጭቋል፤ ማናጀር የሚለው ሥራ ነው፣ 7 የሚለው ቦታ ነው። 30 ቅርንጫፍ ሲኖር 30 ማናጀር፣ ለእያንዳንዱ ካሸር ከጨመርክ 60። ለሁሉም ማናጀሮች አንድ ፈቃድ ለመጨመር 30 ቦታ መንካት። መፍትሔው ቦታውን ከሮሉ አውጥቶ ሮሉ የተሰጠበት መዝገብ ላይ ማስቀመጥ ነው። ተጠቃሚን ከሮል የሚያገናኘው ቴብል ላይ ቅርንጫፍ የሚል ኮለም ትጨምራለህ። መስመሩ ሲነበብ «ይህ ተጠቃሚ፣ ማናጀር፣ በቅርንጫፍ 7» ይላል። ያው ሰው በቅርንጫፍ 3 ካሸር ሊሆንም ይችላል፣ ሌላ መስመር ነው። የማናጀር ሮል አንድ ብቻ ሆነ። ኩበርኔቲስም ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ አንድ ሮል አንዴ ይጻፍና በየኔምስፔሱ (በየክፍልፋዩ) ለየብቻ ይታሰራል።

አንድ ወጥመድ አለበት። ዋና መሥሪያ ቤት ያለው አካውንታንት ሁሉንም ቅርንጫፍ ማየት አለበት፤ ታዲያ ብዙ ሰው የቅርንጫፍ ኮለሙን ባዶ ይተውና ባዶ ማለት ሁሉም ነው ይላል። አታድርገው። የሆነ ቀን አንድ ፎርም ላይ ቅርንጫፍ መምረጥ ይረሳል፣ ወይም አንድ ኢምፖርት ኮለሙን ሳይሞላ ያልፋል፣ ያ ሰው የድርጅቱን ዳታ ሁሉ ያያል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ምንም ስህተት ስለማይታይ ማንም አያውቅም። «ሁሉም» የሚለው በግልጽ የሚጻፍ ዋጋ ይኑረው። ባዶ ከሆነ የትም አይፈቀድም።

ከዚህ በኋላ የፈቃድ መጠየቂያህ ሦስት ነገር ይቀበላል፦ ማን፣ ምን፣ በየትኛው መዝገብ ላይ። ሦስተኛውን መርሳት በጣም የተለመደው ጥፋት ነው። ሰውየው ሎግኢን አድርጓል፣ ማናጀርነቱ ትክክል ነው፣ ደረሰኝ የማየት ፈቃድም አለው። ሊንኩ ላይ ያለውን 1041 ወደ 1042 ሲቀይረው ግን የሌላ ቅርንጫፍ ደረሰኝ ይከፈትለታል። ኦዋስፕ (በሶፍትዌር ደህንነት ላይ የሚሠራ ድርጅት) የዌብ አደጋዎችን በደረጃ ባወጣበት የ2021 ዝርዝር የተበላሸ የፈቃድ ቁጥጥርን አንደኛ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፣ በ2017 አምስተኛ ነበር። ለኤፒአይ (ሲስተሞች እርስ በርስ ለሚነጋገሩበት በር) ለብቻው ባወጣቸው የ2019 እና የ2023 ዝርዝሮች ላይም አንደኛው ይሄው በመዝገብ ደረጃ አለመፈተሽ ነው።

ሊስት የሚያወጡ ገጾች ላይ ደግሞ ዳታውን ሁሉ አምጥተህ ከዚያ አትቀንስ። ማጣሪያው ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ) ውስጥ ይግባ። አለዚያ የገጽ ቁጥሩ ይዛባል፣ ድምሩ የሌሎቹን ቅርንጫፎች ሽያጭ ጨምሮ ያሳያል። ከሊስቱ ቀጥሎ የኤክሴል ኤክስፖርቱን እይ፤ በኔ ግምት ብዙ ሲስተም የሚያፈሰው እዚያ ጋ ነው፣ ኤክስፖርት ሁሌም መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ስለሚጨመር።

ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀም ከሆነ ከቨርዥን 9.5 ጀምሮ ፖሊሲ ራሱ ዳታቤዙ ላይ ተጽፎ እያንዳንዱ መስመር እንዲጣራ ማድረግ ይቻላል። እንደ ሁለተኛ አጥር እወደዋለሁ። ግን አፕሊኬሽንህ ዳታቤዙ ጋ የሚገናኘው በቴብሉ ባለቤት ስም ከሆነ ፖሊሲው በነባሪነት እሱን አይመለከተውም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ወይ ባለቤት ያልሆነ ሌላ ስም ፍጠርለት፣ ወይ ባለቤቱንም እንዲያስገድድ ለይተህ እዘዘው። ሱፐርዩዘርን ግን በምንም አታስገድደውም።

አንዳንድ ሕጎች ደግሞ ሮልም ቦታም አይመልሷቸውም። ግዢ የጠየቀ ሰው የራሱን ግዢ እንዳያጸድቅ ትፈልጋለህ እንበል። ቅድም ያነሳሁት ስታንዳርድ ሁለት መንገድ ይሰጥሃል፤ አንድ ሰው ሁለቱን ሮሎች ጭራሽ እንዳይይዝ ማድረግ፣ ወይም ሁለቱንም ይዞ በአንድ ሴሽን አብሮ እንዳይጠቀምባቸው ማድረግ። ትንሽ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሁለቱም አይሠሩም፣ ያው ሦስት ሰዎች ናቸው ሁሉንም የሚይዙት። ስለዚህ ቀለል ያለውን ያዝ። የማጽደቂያው ኮድ ላይ «አጽዳቂው ጠያቂው ራሱ ከሆነ እምቢ በል» የሚል አንድ መስመር ጻፍ፣ አድሚንንም ጨምሮ።

ውርስ ላይ፣ ማለትም ማናጀር የካሸርን ፈቃድ በሙሉ ይውረስ የሚለው ላይ፣ አልቸኩልም። አለቃ ሁልጊዜ የበታቹን ሥራ ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም። እንዲያውም ኦዲተሮች ማናጀሩ ገንዘብ ሳጥኑን እንዳይነካ ይፈልጋሉ። ፈቃዶቹ ሁለት ሮል ውስጥ ቢደገሙ ምንም አይጎዳህም።

ፍተሻው ሁልጊዜ ባክኤንድ (ሰርቨሩ) ላይ ነው። በተን መደበቅ ለተጠቃሚው ምቾት ነው፤ ሪኩዌስቱን በእጁ ጽፎ የሚልክ ሰው በተንህን አያየውም። ነባሪው መልስ ክልክል ይሁን፦ ፈቃድ ያልተጻፈለት ገጽ ካለ ለሁሉም ይዘጋ እንጂ ለሁሉም አይከፈት። ሎግኢን ላላደረገ የስህተት ኮድ 401፣ ገብቶ ላልተፈቀደለት 403 መልስ። መዝገቡ መኖሩን እንኳ ማወቅ የሌለበት ሰው ሲሆን 404 (አልተገኘም) ብትል ይሻላል።

ሮል የመስጠት ፈቃድ ከሁሉም ይበልጥ አደገኛ ነው፤ እሱን የያዘ ሰው ራሱን አድሚን ማድረግ ይችላላ! ስለዚህ ራስህ የሌለህን ፈቃድ ለሌላ መስጠት አትችልም፣ የራስህንም ሮል መንካት አትችልም፣ ቅርንጫፍ 7 ላይ ብቻ ሥልጣን ካለህ ቅርንጫፍ 8 ላይ ሰው መሾም አትችልም። የመጨረሻው አድሚን እንዳይነሳም ዝጋው፣ ድርጅቱ ደጅ ቆሞ እንዳይቀር። የፕሮፋይል ማስተካከያ ፎርምህንም ፈትሽ፦ ስምና ስልክ ብቻ የሚጠብቀው ገጽ ላይ ሰው «ሮል» የሚል ተጨማሪ ፊልድ ቢልክ ሲስተሙ ዝም ብሎ ይቀበለዋል? በ2012 ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ የተከሰተው የዚሁ ዘመድ ነው። አንድ ሰው የራሱን ቁልፍ የሚያድስበት ፎርም ላይ የሌላ አካውንት መለያ ቁጥር ጨምሮ ላከ፣ ሲስተሙ ተቀበለው፣ እሱም ሬይልስ የተባለው የዌብ ፍሬምወርክ ፕሮጀክት ላይ መጻፍ ቻለ።

የተሰጠን ሮል ስታነሳ መስመሩን አታጥፋው፤ ማን ሰጠ፣ መቼ ሰጠ፣ ማን አነሳ የሚለው ይቀመጥ። የማብቂያ ቀን ኮለምም ጨምርበት። ዕረፍት የወጣ ማናጀርን ለሁለት ሳምንት የሚተካ ሰው ሲመጣ ታመሰግነኛለህ። ቶክን (ሎግኢን ያደረገ ሰው በየሪኩዌስቱ የሚያቀርበው ዲጂታል መታወቂያ) የምትጠቀም ከሆነ ሮሎቹን ቶክኑ ውስጥ አትክተት፣ ቶክኑ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ የተባረረውም ሰው ሮሉን ይዞ ይዞራል። የተጠቃሚውን መለያ ብቻ ይያዝ፣ ፈቃዱን ከዳታቤዝ አንብብ። ይዘገያል ብለህ አትፍራ፤ በኢንዴክስ የሚሠራ ትንሽ ኩዌሪ ነው።

ሲስተሙን ሳታቆም እንዴት ትቀይረዋለህ? መጀመሪያ ምንም ቴብል አትፍጠር። «ይችላል ወይ» የሚል አንድ ፈንክሽን ጻፍ፣ ውስጡ አሁንም የድሮውን ኮለም ያንብብ። ከዚያ የተበተኑትን ኢፎች አንድ በአንድ ወደዚህ ፈንክሽን አዙራቸው። ይሄ አሰልቺው ክፍል ነው፣ ግን ምንም ባህርይ ስለማይቀይር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልክ ማውጣት ትችላለህ። ሁሉም ጥያቄ በአንድ በር ሲያልፍ አዲሶቹን ቴብሎች ፍጠርና ከድሮው ሙላቸው፤ 30ዎቹ ማናጀሮች አንድ ሮልና 30 የምደባ መስመር ይሆናሉ። ቀጥሎ ፈንክሽኑ ሁለቱንም መንገድ ያስላ፣ የሚሠራበት ግን የድሮው መልስ ይሁን፤ ሲለያዩ ሎግ ላይ ይጻፍ። ለተወሰነ ጊዜ ተወው፣ በተለይ የወር መዝጊያ አንዴ ይለፍበት፣ በወር አንዴ ብቻ የሚከፈቱ ገጾች አሉና። ሎጉን ስታነብ የድሮው ከልክሎ አዲሱ የሚፈቅዳቸውን አስቀድም። አዲሱ የሚከለክላቸውን ተጠቃሚው ራሱ ደውሎ ይነግርሃል፣ በማይገባ የተፈቀደለት ሰው ግን አይደውልም። አንዳንዶቹ ልዩነቶች የአዲሱ ስህተት ሳይሆኑ የድሮው ቀዳዳዎች ሆነው ይገኛሉ፤ እነሱን ራስህ አትወስን፣ ደንበኛህን ጠይቀው። ሎጉ ጸጥ ሲል ወደ አዲሱ አዙር፣ የድሮውን ኮለም ደግሞ አጥፋው። ከተውከው አንድ ሰው መልሶ ይጠቀምበታል።

ላይብረሪን በተመለከተ፣ ላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ላይ ከሆንክ የስፓቲ ፓኬጅ ከተጠቃሚዎች ቴብል በቀር ሌሎቹን ቴብሎች አዘጋጅቶ ይሰጥሃል፤ ቲም የሚለው አሠራሩ ለቅርንጫፍ ይሆንሃል። ጃንጎ ግሩፕና ፈቃድ አብሮት ይመጣል፣ ግን በመዝገብ ደረጃ አይፈትሽም፤ ፈቃድ ስትጠይቀው መዝገብ ጨምረህ ብትልክለት ነባሪው ባክኤንድ ሱፐርዩዘር ላልሆነ ሰው ሁሌም አይቻልም ነው የሚልህ፣ ሰው ግራ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ካስቢን የተባለው የፈቃድ ላይብረሪ በብዙ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይሠራል፣ ሮልን ከቦታ ጋር አብሮ ማሰርም ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ካልተመቸህ ራስህ ጻፈው፤ ፓስወርድ ማመስጠር ራስህ አትጻፍ እንጂ አምስት ቴብልና አንድ ፈንክሽን የሚያስፈራ ነገር የለውም። ጉግል ስለ ራሱ የፈቃድ ሲስተም ስለ ዛንዚባር በ2019 ካሳተመው ጽሑፍ የተነሱት እነ ኦፕንኤፍጂኤ ግን የተሠሩት ለሌላ ችግር ነው፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ፎልደርና ፋይል ለእገሌ ለእገሊት እያሉ ለሚጋሩበት ሲስተም። ደንበኛህ አንድ ቀን እንደዚያ ዓይነት ማጋራት ከጠየቀህ ያኔ እያቸው። «ይችላል ወይ» የሚለው ፈንክሽን አንድ ቦታ ላይ ካለ፣ የምትቀይረው የሱን ውስጥ ብቻ ነው።